የመሠረት አርማታ የመሰንጠቂያ መስመር ያስፈልገዋልን?

መጋዘን፣ ሱቅ ወይም የማምረቻ ቤት የሚያሠራ ነጋዴ ሁሉ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ሲዋዋል ስለ ሲሚንቶው ዋጋ፣ ስለ ብረቱ ውፍረትና ሥራው ስለሚያልቅበት ቀን አጥብቆ ይነጋገራል። የግንባታ ሰዎች ጆይንት ስለሚሉት ነገር ግን የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም። ቢነሣም «ጆይንት እንደ አስፈላጊነቱ ይደረጋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በውሉ ውስጥ ተጽፎ ይታለፋል። ይህ አጭር ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ ሊያስከፍል እንደሚችል ባለፈው በጋ በቅርብ ሆኜ ስለ ተመለከትሁ፣ ጉዳዩን ለዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ አንባብያን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ጥቁር አፈር በበዛበት ስፍራ፣ የእህል መጋዘን ማሠራት ጀምረው ነበር። የመጋዘኑ ረጅም ግድግዳ 40 ሜትር ሲሆን፣ ከሥሩ የሚዘረጋው የመሠረት አርማታ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ በላይ አራት፣ በታች አራት፣ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ ብረቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፉበታል። አርማታው በአንድ ቀን ተሞልቶ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት የሥራ ተቋራጩ ፎርማን፣ በመንገድና በወለል ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፉ ትጉህ ሰው፣ የአርማታ መቁረጫ መጋዝ አስመጥተው በየ5 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር ያስቆርጡ ጀመር። ልማዱ የወለል ልማድ ነው፤ በወለል ሥራ የውፍረቱ ሩብ ይቆረጣልና፣ የ40 ሳንቲ ሜትር ሩብ 10 ይሆናል። ይሁን እንጂ የላይኞቹ ብረቶች ከአርማታው ፊት 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብለው ነበር የተቀመጡት። መጋዙ የብረት ፍንጣሪ እየረጨ ሰባት መስመር ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አማካሪው መሐንዲስ ደረሱ፤ ሥራውም በዚያው ቆመ።

ፎርማኑ «ውሉ እንደ አስፈላጊነቱ ይላል፤ 40 ሜትር ርዝመት ያለው አርማታ ያለ ጆይንት እንደሚሰነጠቅ ደግሞ የታወቀ ነው» አሉ። መሐንዲሱም «በንድፉ ላይ የሌለ ነገር በማን ፈቃድ ተቆረጠ?» ብለው ጠየቁ። ያን ሐረግ ከአንድ የቆየ የወለል ሥራ ውል ላይ ገልብጬ ያስገባሁት እኔው ስለ ነበርሁ፣ ሁለቱ ሲከራከሩ የማዳምጠው ዐንገቴን ደፍቼ ነበር።

ፎርማኑ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። አርማታ ሲደርቅ ይኰማተራል። ሲቦካ የጨመርንለት ውሃ ሁሉ ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ የሚቀር አይደለም፤ ለአሠራር እንዲመች ብቻ የገባው ትርፍ ውሃ በየጥቂቱ ይተናል፤ ውሃው ሲወጣም አርማታው መጠኑ ይቀንሳል። የመቀነሱ ልክ እንደ ቅልቅሉና እንደ አየሩ ሁኔታ ቢለያይም፣ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሆናል። ለስሌት እንዲመቸን 0.5 ብንይዝ፣ 40 ሜትር የሆነ ወለል በጠቅላላው 20 ሚሊ ሜትር ያጥራል ማለት ነው። በነጻነት ቢያጥር አንዳች ጉዳት ባልደረሰ ነበር። ነገር ግን ከሥሩ ያለው አፈርና ጠጠር፣ ከጎኑም ያለው ግንብና ዐምድ ይዘው ያስቀሩታል። ሊያጥር ፈልጎ የተያዘ ነገር ደግሞ እንደ ተወጠረ ገመድ ነው። አርማታ ጭነት ሲጫነው እጅግ ብርቱ ሲሆን፣ ሲጐትቱት ግን ብርታቱ ከዚያ ከዐሥር አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ በደከመበት በኩል ይሰነጠቃል።

ኮንትሮል ጆይንት የሚባለው መስመር የተፈለገው ለዚህ ነው። መስመሩ ስንጥቁን አያስቀርም፤ የሚሰነጠቅበትን ስፍራ አስቀድሞ ይመርጥለታል እንጂ። የወለሉ ውፍረት በአንድ መስመር ላይ በሩብ ሲቀነስ ያ መስመር ከሌላው ይልቅ ደካማ ይሆናል፤ አርማታውም ሲኰማተር በዚያው መስመር ሥር፣ ዐይን በማያየው በኩል፣ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው የመጋዘን ወለል የመስመሮቹ ርቀት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ቢሆን የተለመደ ነው። በ3 ሜትር ቢሆን ከላይ የተነገረው 20 ሚሊ ሜትር ተከፋፍሎ ለያንዳንዱ መስመር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሰዋል፤ ይህም በማሸጊያ ሊደፈን የሚችል ነው። መጋዙ የሚገባበት ሰዓትም ከባድ ነገር ነው። እጅግ ከቸኰለ ጠጠሩን ከቦታው እያነቀለ ጠርዙን ያበላሻል፤ ከዘገየ ደግሞ አርማታው ራሱ በፈቀደው ቀድሞ ይሰነጠቃል። በተለመደው መጋዝ ወለሉ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መቆረጥ አለበት። በአዲስ አበባ የበጋ ወራት ቀን ፀሐይና ደረቅ ነፋስ፣ ሌሊት ብርድ ስለሚፈራረቁበት «ነገ ጠዋት እንቆርጠዋለን» የሚል ሥራ ተቋራጭ ብዙ ጊዜ ጠዋት የሚያገኘው የተሰነጠቀ ወለል ነው። ስለ ወለሉ እንግዲህ ፎርማኑ ፍጹም ትክክል ናቸው።

መሠረቱ ግን ወለል አይደለም። ልዩነቱን ጠለቅ አድርገን ብንመለከተው ጥያቄው በራሱ ይፈታል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ መሠረት ከአፈር በታች ይቀበራል። ወለል ቀጭንና ሰፊ ስለ ሆነ በላይኛው ፊቱ በኩል ቶሎ ይደርቃል፤ መሠረት ግን ወፍራም ከመሆኑም በላይ ዙሪያውን በእርጥብ አፈር ስለሚከበብ መድረቁ እጅግ ቀስ ያለ ነው፤ ከርሞም ጨርሶ አይደርቅ ይሆናል። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር የሚለው ስሌት ለመሠረቱ አይሠራም፤ እውነተኛው መጠን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። አርማታ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ በሜትር 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል ወይም ይኰማተራል። በፀሐይ ላይ የተዘረጋ 40 ሜትር አርማታ በቀንና በሌሊት መካከል 20 ዲግሪ ቢለዋወጥ 8 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ከመሬት በታች አንድ ሜትር ከወረድን በኋላ ግን የቀንና የሌሊት ልዩነት አይሰማም፤ ለመሠረቱ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብረቱ ነው። በመሠረቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፉት ብረቶች የሚመጣውን ጥቂት መኰማተር ለብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ያከፋፍሉታል፤ እያንዳንዱም ስንጥቅ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ በብረቱ ተይዞ ይቀራል። የመሰንጠቂያው መስመር ሥራውን እንዲሠራ የተፈለገ እንደ ሆነ ግን በዚያ ስፍራ ቢያንስ ከብረቱ ከፊሉ መቆረጥ አለበት፤ ካልተቆረጠ ብረቱ መስመሩን ጨምድዶ ስለሚይዘው አይከፈትም። እዚህ ላይ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ብረቱ ተቆርጦ ከሆነ መሠረቱ በዚያ ስፍራ ጭነት መሸከሙን አጥቶአል፤ ብረቱ ሳይቆረጥ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ከንቱ ነው፤ ከንቱም ብቻ ሳይሆን የአርማታውን ከፍታ ይቀንሳል፤ እርጥበት ወደ ብረቱ የሚደርስበትንም መንገድ ያሳጥራል። አርማታ በቀጥታ በአፈር ላይ ሲሞላ ብረቱ በ75 ሚሊ ሜትር፣ በሊን ኮንክሪት ላይ ሲሞላ ደግሞ በ40 ሚሊ ሜትር አርማታ እንዲሸፈን የአውሮፓው ደንብ የሚመክረው ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ሽፋን ውስጥ መጋዝ ማስገባት በገዛ እጅ ሽፋኑን መግፈፍ ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይበልጣል። መሠረት የተሠራበት ዋና ዓላማ ጭነትን በአፈሩ ላይ ለማሰራጨትና አፈሩ በደከመበት ስፍራ እንደ ድልድይ ሆኖ ለመሻገር ነው። ድልድይን መሐል ለመሐል በመጋዝ የሚቆርጥ የለም።

በአገራችን መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ይህን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ቦሌና አቃቂን በመሰሉ የአዲስ አበባ ክፍሎች ቤት የሠራ ሰው ጠባዩን አሳምሮ ያውቀዋል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። ችግሩ ግን ማበጡ ብቻ አይደለም፤ በሁሉም ስፍራ እኩል አለማበጡ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን በግድግዳው ሥር በአንድ ቦታ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ አፈሩ እዚያ ላይ ብቻ አብጦ መሠረቱን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። መሠረቱም መሐሉ ወደ ላይ ሲነሣ የላይኛው ፊቱ ይወጠራል፤ ውጥረቱን የሚችሉትም የላይኞቹ ብረቶች ናቸው። በተቃራኒው አንዱ ስፍራ ደርቆ ከሸሸ መሠረቱ በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና የታችኛው ፊቱ ይወጠራል፤ ይህ ጊዜ ደግሞ የታችኞቹ ብረቶች ተራ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ለሚያልፍ መሠረት መሐንዲሶች በላይም በታችም ብረት የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ በእኛ መጋዘን የተቆረጡት የላይኞቹ ብረቶች፣ አፈሩ ሲያብጥ ግድግዳውን ከመሰንጠቅ የሚያድኑት እነዚያው እንደ ነበሩ አንባቢው ያስተውላል። መስመሩ በተቆረጠበት ስፍራ ሁሉ መሠረቱ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ከላዩ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ መታጠፍ ስለማያውቅ በዚያው ትይዩ ይቀደዳል።

ለየብቻ የቆሙ የዐምድ መሠረቶችን በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ አርማታ በራሱ አጭር ስለ ሆነ ስለ መስመር ማሰብም አይገባም። ሕንፃውን በሙሉ የሚሸከም አንድ ወጥ የመሠረት ምንጣፍ፣ ማት የሚሉት፣ ሲሆን ግን ነገሩ ከበድ ይላል፤ በወፍራም አርማታ ውስጥ ሲሚንቶው የሚያመነጨው ሙቀት በውስጡ ተከማችቶ ውስጡና ውጭው ሲለያዩ ስንጥቅ ያመጣል። እዚያም ቢሆን መድኃኒቱ መጋዝ አይደለም። ሥራው በተራ እየተከፋፈለ ይሞላል፤ አንዳንድ ጊዜም በሁለት ክፍሎች መካከል ክፍት ሰርጥ ለጥቂት ሳምንታት ይተውና ሁለቱ ወገን ከተኰማተሩ በኋላ ይሞላል፤ ብረቱም በሰርጡ ውስጥ ሳይቋረጥ ያልፋል።

ለክርክሩ ሁሉ መነሻ የሆነው፣ እንደሚመስለኝ፣ ጆይንት የሚለው አንድ ቃል ለአራትና ለአምስት የተለያየ ነገር መጠሪያ መሆኑ ነው። ለመሠረት ኮንትሮል ጆይንት አያስፈልገውም ሲባል፣ ሌሎቹም አያስፈልጉትም ማለት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ በመሠረት ሥራ የሚያጋጥመው ኮንስትራክሽን ጆይንት ነው፤ ይኸውም በአንድ ቀን ሊያልቅ ያልቻለ አርማታ ቆሞ በሌላ ቀን የሚቀጠልበት ስፍራ ነው። ሚክሰሩ ሲበላሽ፣ ሲሚንቶ ሲያልቅ ወይም ዝናብ ሲመጣ ሥራው በየትም ይቆማል፤ ባሬላ ተሸካሚዎቹም የቀረችውን አርማታ እንደ ቁልቁለት አዝቅዝቀው ትተዋት ይሄዳሉ። በማግሥቱ በዚያ ላይ አዲሱ ይፈሳል፤ አሮጌውና አዲሱም ሳይዋሐዱ ይቀራሉ። በእኔ አስተያየት በመጋዝ ከተቆረጠው ይልቅ ይህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። ተገቢው አሠራር እንዲህ ነው። የማቆሚያው ስፍራ ከሥራው በፊት በመሐንዲሱ ይመረጣል፤ በዐምድ ሥር ፈጽሞ አይሆንም፤ በሁለት ዐምዶች መካከል፣ እኩሌታው ገደማ፣ ጣውላ ቀጥ ብሎ ይቆምና አርማታው እስከ ጣውላው ድረስ በቫይብሬተር ተመትቶ ይሞላል። ብረቶቹ ጣውላውን አልፈው ይወጣሉ፤ መደራረብ ካስፈለጋቸውም ከውፍረታቸው ከ40 እስከ 50 እጥፍ ያህል ይደራረባሉ፤ ለባለ 14 ሚሊ ሜትር ብረት እስከ 70 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በማግሥቱ ጣውላው ተነሥቶ በፊቱ ላይ የረጋው የሲሚንቶ ለዛ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ጠጠሩ እስኪታይ ይሻክራል፤ በውሃም ይርሳል፤ ነገር ግን የቆመ ውሃ አይተውበትም።

ሌላው ኤክስፓንሽን ጆይንት ነው። ረጅም ሕንፃ በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ እንዳይሰነጠቅ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ለሁለት ይከፈላል። የአውሮፓው የአርማታ ደንብ፣ በአገራችንም በ2015 እ.ኤ.አ. ተቀባይነት አግኝቶ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ የተካው፣ በየ30 ሜትሩ ጆይንት ካለ የሙቀትና የመኰማተር ነገር በአጠቃላይ ስሌቱ ውስጥ ሊታለፍ እንደሚችል ይመክራል። ከዚያ የረዘመ ሕንፃ ያለ ጆይንት አይሠራም ማለት አይደለም፤ መሐንዲሱ የሙቀቱን ነገር ማስላት አለበት ማለት ነው። ይህ ክፍተት ግን እስከ መሠረቱ ራስ ድረስ ብቻ መውረዱ የተለመደ ነው። ሁለት ዐምዶች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ መሠረት ላይ ሲቆሙ ያየ ሰው ያየው ይህንኑ ነው፤ ከላይ የሚንቀሳቀሰው ሕንፃ እንጂ ከታች ያለው መሠረት የሙቀት ለውጥ የለበትም።

መሠረቱ እስከ ታች ድረስ ተለያይቶ እንዲሠራ የሚያስገድድ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የመስመጥ ልዩነት ነው። አንድ ነጋዴ ባለ አንድ ፎቅ መጋዘኑን ከባለ አራት ፎቅ ቢሮ ጋር አጣምሮ ቢሠራ፣ ከባዱ ክፍል ከቀላሉ ይልቅ ይሰምጣል። እንዲሁም ግማሹ ሕንፃ በድንጋይ፣ ግማሹ በሙሌት አፈር ላይ ቢያርፍ፣ ወይም አዲስ ሕንፃ ከብዙ ዓመት በፊት ሰምጦ ካለቀ አሮጌ ሕንፃ ጋር ቢጠጋ ልዩነቱ ያው ነው። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ጣሪያውም ግድግዳውም መሠረቱም ተለያይተው ሁለት የየራሳቸው ሕንፃ መሆን አለባቸው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ፣ በእንዲህ ያሉ ሁለት ሕንፃዎች መካከል የሚተወው ክፍተት እርስ በርስ እንዳይጋጩ ሊበቃ እንደሚገባው፣ በያንዳንዱ ሕንፃ ሥር ያሉት ዐምዶች ደግሞ በግሬድ ቢም እርስ በርስ መታሰር እንዳለባቸው ነጋዴው ራሱ እየጠየቀ መጥቶአል። ማሰር የተፈለገውን ነገር በመጋዝ መቁረጥ እንግዲህ በዚህም በኩል የተወገዘ ነው።

በወለሉና በመሠረቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ደግሞ ብዙዎች ይዘነጉታል። የመጋዘን ወለል ከዐምድና ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ መሞላት የለበትም፤ በመካከሉ ቀጭን የሚታመቅ ነገር ይገባል። በዐምዶቹ ዙሪያም ወለሉ እንደ ገበታ ማዕዘኑ ዞሮ በተቀመጠ አራት ማዕዘን ይለያል፤ የወለሉ መስመሮችም በዚያ ማዕዘን ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ባለመደረጉ ከዐምዱ ጥግ ተነሥቶ አግድም የተሰነጠቀ የመጋዘን ወለል ያላየ ነጋዴ የለም። ጆንያ ለሚጐተትበት ወለል ብዙ አያስቸግር ይሆናል፤ ፎርክሊፍት ለሚመላለስበት ግን የስንጥቁ ጠርዝ በጎማው እየተመታ በጥቂት ወራት ይፈረፈራል።

መሠረቱ መስመር የማያስፈልገው እንክብካቤ ስለማያስፈልገው አይደለም። ተሞልቶ ጉድጓዱ ሳይደፈን ወር ሁለት ወር በፀሐይ የተተወ መሠረት እንደ ወለል ይደርቃል፤ እንደ ወለልም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቢያንስ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ሊጠጣ፣ ግድግዳው እንደ ፈቀደም ቶሎ አፈር ሊለብስ ይገባዋል። ሲቦካም የሚጨመረው ውሃ በልክ ይሁን። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት፣ በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ተቈጥሮ፣ 25 ሊትር ያህል በቂ ነው፤ አርማታው ለሠራተኛው እንዲቀልለት ብሎ ፎርማኑ የሚያስጨምረው ባልዲ ግን ኋላ ተንኖ ስንጥቅ የሚሆነው ውሃ ነው።

ስንጥቅ ታይቶ ቢገኝስ? አሠሪው ወዲያው ክፍያ ከማገዱ በፊት ስፋቱን ይለካ። በአፈር ውስጥ ላለ አርማታ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ በደንብ የሚፈቀድ ነው። የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ሦስት ወረቀት ተደርቦ የማይገባበት ስንጥቅ እንግዲህ ከዚህ ልክ አላለፈም። መለኪያ በሌለበት ስፍራ እኔ ይህን ዘዴ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ከዚያም የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በቀለም ምልክት ተደርጎባቸው ቀኑ ይጻፋል። ከወር በኋላ ምልክቱን አልፎ የሄደ፣ የሰፋ ወይም አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ያለበት ስንጥቅ የመኰማተር አይደለም፤ የመሬቱ ነውና መሐንዲስ ይጠራ።

ወደ መጋዘናችን ልመለስ። መሐንዲሱ የተቆረጡት ብረቶች እንዲቀጠሉ አዘዙ። ብረት ለመቀጠል በያንዳንዱ መስመር ግራና ቀኝ 70፣ 70 ሳንቲ ሜትር አርማታው ከላይ እስከ ብረቱ ሥር ድረስ ተፈልፍሎ መውጣት ነበረበት። በሰባት መስመር 9.8 ሜትር ማለት ነው፤ የ40 ሜትሩ መሠረት ሩብ ያህል ተቆፈረ። አዲስ ብረት በየጎኑ ተደረበ፤ አርማታውም እንደገና ተሞላ። በዚህ ሁሉ 12 ቀን አለፈ፤ በመንገድ ላይ የነበረው እህልም በኪራይ መጋዘን እንዲቆይ ሆነ። ወጪውን ማን ይክፈል በሚለው ላይ የተደረገው ንግግር ከጥገናው ይልቅ ረዘመ። ሥራ ተቋራጩ በውሉ ቃል ተከራከሩ፤ ነጋዴውም በንድፉ። በመጨረሻም ሲሚንቶውንና ብረቱን አሠሪው፣ የሰው ጉልበቱንና የመጋዙን ኪራይ ሥራ ተቋራጩ እንዲችሉ ተስማሙ። ሁለቱም ያልተደሰቱበት ስምምነት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በምጽፈው ውል ውስጥ ያ አሮጌ ሐረግ የለም። በስፍራው የገባው እንዲህ ይላል፦ «በወለል አርማታ ላይ የሚቆረጡ መስመሮች ስፍራቸው፣ ጥልቀታቸውና የሚቆረጡበት ሰዓት በንድፉ ላይ ይታያል። በመሠረት፣ በግሬድ ቢምና በዐምድ ላይ ምንም ዐይነት መስመር አይቆረጥም። የመሠረት አርማታ ሥራ የሚቋረጥ እንደ ሆነ የማቆሚያው ስፍራ በአማካሪው መሐንዲስ በጽሑፍ ይፈቀዳል፤ ብረቱም ሳይቋረጥ ያልፋል።»

ሰባቱ የተጠገኑ ስፍራዎች ዛሬ በአፈርና በግድግዳ ተሸፍነዋል። የት የት እንደ ሆኑ መሐንዲሱ በቀይ እርሳስ ምልክት ያደረጉበት ንድፍ በፋይሉ ውስጥ ተቀምጦአል፤ ሐምሌ ሲገባ በእነዚያ ሰባት ስፍራዎች ትይዩ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ሊታይ፣ አሸንዳውም ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ማፍሰሱ ሊመረመር ቀጠሮ ይዘናል።